ጭስ የሌለው ትምባሆ

ባሌ ነዳጅ ቀጂ ነው። ማደያ ውስጥ ክብሪት መጫር ክልክል ስለሆነ ቀጂዎቹ ትምባሆውን ከከንፈራቸው ስር ወሽቀው ይውላሉ። እነሱ ዘንድ ይሄ ከማጨስ አይቆጠርም፤ እንዲያውም ከሲጋራ ወደዚህ የዞረ ሰው «ተወ» ተብሎ ይመረቃል። የኔውም ጉድ ከሦስት ዓመት በፊት «ተወ»። ሳሉ ጠፋ፣ መጋረጃዬም መሽተቱን አቆመ። ደስ ብሎኝ ትምባሆውን ከገበያ ራሴ እየገዛሁ አመጣለት ጀመር።

ማክሰኞ ጠዋት ቤንዚን እየቀዳ ሳለ ደረቱን ይዞ ወደቀ። ልቡን የሚመግበው ደም ስር ተዘግቶ ነበር። ሆስፒታል ስንደርስ ዶክተሯ «ያጨሳል?» ስትል እሱ መናገር አቅቶት ስለነበር እኔ አፌን ሞልቼ «ትቷል!» አልኳት።

ይኸው ፕላስቲክ ወንበር ላይ ሳድር አራተኛ ቀኔ ነው። ወገቤ የኔ አይመስለኝም። ዛሬ ነርሷ ክኒን ልትሰጠው አፉን ብታስከፍተው ቡናማ ነገር ድዱ ላይ ተለጥፎ አየችና ዶክተሯን ጠራች።

«ሲጋራ አይደለም እኮ» አላት ባሌ፣ እንደ ተበደለ ሰው።

«ጭሱ ይብሳል፣ አልዋሽዎትም አባቴ» አለች ዶክተሯ አልጋው ጫፍ ላይ ቁጭ ብላ። እሷም ደክሟታል። «ግን ኒኮቲኑ በድድዎ በኩል ደም ውስጥ ይገባል። ልብዎን ያስሮጠዋል፣ ግፊትዎን ከፍ ያደርገዋል። ልብዎ ደግሞ አሁን ተጎድቷል። ይሄንንም ካልተዉት ሁለተኛ ሲመጣብዎት ላንደርስልዎት እንችላለን። ለመሆኑ እዚህ ድረስ ማነው ያመጣልዎት?»

«የሥራ ጓደኞቼ ናቸው» አለ ቶሎ ብሎ።

ሊሸፍነኝ ነው። አፈርኩ፤ እንባዬም መጣ።

«እኔ ነኝ» አልኩ። «ሦስት ዓመት ሙሉ የገዛሁለት እኔ ነኝ።» ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ ማለት ይኸው ነው።

ዶክተሯ አልተቆጣችኝም፤ ብትቆጣኝ ይሻለኝ ነበር። እንደወጣች ባሌ እጁን ወደ ቦርሳዬ ዘረጋ። ጠዋት የገዛሁት አንድ ጥቅል ውስጡ እንዳለ ያውቃል።

«አንዴ ብቻ፣ ለመሰናበቻ» አለኝ።

«ማንን ነው የምትሰናበተው?» አልኩት።

ጥቅሉን ወስጄ መጸዳጃ ቤት ደፋሁትና ውሃ ለቀቅሁበት። ስመለስ ፊቱን ወደ ግድግዳው አዙሯል። ያኩርፍ፤ ሬሳ አያኮርፍም።