ከዐሥር ስንት?

"ጨረስኩ አባባ። አመመዎት?"

"ኧረ ምንም! እጅሽ ጥጥ ነው፣ የኔ ልጅ።"

ማሬ መርፌውን ማስወገጃው ሣጥን ውስጥ ጥላ፣ ለስድስቱም አልጋ ፈገግታዋን አዳርሳ ወጣች። ማሬ ያሏት በሽተኞቹ ናቸው። በሩ ገና ሳይገጠም መርፌ የተወጉት ጡረተኛ ሹፌር ጭናቸውን ይዘው ጥርሳቸውን ነከሱ።

"ወይኔ እግሬን!"

አጠገባቸው ግሉኮስ ትቀይር የነበረችው ነርስ ዞር አለች። "አሁን ምንም አላሉም እንዴ?"

"ታዲያ ምን ልበላት? እንዲያ እየሳሳችልኝ ፊቷን ላጠቁረው?"

ነርሷ ጆሮዋን አቆመች።

እሷና ማሬ አብረው የተማሩ ናቸው። የእሷ ጥናት ከመጽሔት ሁለት ጊዜ ተመለሰባት፤ የማሬ ግን ዘንድሮ ታተመ። ከመርፌ በፊት ጡንቻውን በአውራ ጣት ጫን ማድረግ ሕመም ይቀንሳል ይላል። ዛሬ ከሰዓት የሆስፒታሉ የንባብ ቡድን ሲሰበሰብ ጽሑፉን የምትገመግመው እሷ ናት፤ የነርሶቹ አለቃ ሜትሮኗም ከሁለቱ አንዷን የምርምር ክፍሉ ኃላፊ አድርጋ የምትመርጠው እዚያው ነው። ሳምንቱን ሙሉ እንከን ስታስስ ከረመች። ሠንጠረዡ ልክ፣ ስሌቱ ልክ።

ለካ እንከኑ እዚህ ተኝቷል! በጥናቱ የወጋችውም ማሬ፣ "ከዐሥር ስንት አመመዎት?" ብላ የጠየቀችውም ማሬ። ማን ደፍሮ ስምንት ይላታል?

ደስታዋን ዋጥ አድርጋ የሹፌሩን ክንድ አሰረች። ለምርመራ ደም መቅዳት ነበረባት። እንደ ዛሬ ተጠንቅቃ አታውቅም።

"አመመዎት?"

"እሱማ አመመኝ እንጂ! መርፌ ነው ጦር?"

ክፍሉ በሳቅ ፈነዳ። እሷም ለወጉ ሳቀች፤ ውስጧ ግን አረረ። በዚህ ሁሉ ዓመት አንድ በሽተኛ እንኳ ለእሷ ብሎ ዋሽቶ አያውቅም። ከሰዓት ምን ልትል ነው? "ውጤቱ አይታመንም፤ በሽተኞቹ ስለሚወዷት ይዋሹላታል" ብላ በሜትሮኗ ፊት ልታሞግሳት ነው?

ኮሪደሩ ላይ ማሬ ጠበቀቻት። "አንቺ ኮስታራ! ዛሬ ልትዘለዝይኝ ነው አሉ። እባክሽ ቀስ ብለሽ ውጊኝ።"

"ያምሻል" አለቻት።

ማሬ ሳቋን አቆመች። "ምን አገኘሽ?"

እስከ ከሰዓት ዝም ማለት ትችል ነበር። ግን የማሬን ክንድ ያዘች።

"ነይ። ከሹፌሩ አልጋ መጋረጃ ጀርባ ቁሚ። ድምፅ እንዳታሰሚ።"

ብቻዋን ወደ አልጋው ተጠጋች።

"አባባ፣ የቅድሙ የማሬ መርፌ ከዐሥር ስንት ያህል አመመዎት? እውነቱን።"

ሹፌሩ ወደ በሩ አጮልቀው ድምፃቸውን ዝቅ አደረጉ። "ዘጠኝ። ግን አደራ፣ እንዳትነግሪያት።"

ነርሷ ወደ መጋረጃው አላየችም።

"አልነግራትም" አለች።