የወይዘሮ ግራም ምሳ ዕቃ

ስሙን ያወጡላት የጭነት መኪና ሹፌሮች ናቸው፤ ወይዘሮ ግራም። በሚዛን ጣቢያው መስኮት ሥር አሥራ ሦስት ዓመት ተቀምጣለች። የፊት ጎማውን ከሚዛኑ ብረት አንድ ስንዝር አሳልፎ የሚያቆመውን፣ ረዳቱን "ውረድና ሻይ ጠጣ" የሚለውን፣ የውሃ በርሜሉን ከመታጠፊያው ወዲያ ደፍቶ የሚመጣውን፣ ሁሉንም ከመስኮቷ ሳትነሳ ትለያለች። አዲስ ሠራተኛ ሲመጣላት የምታስተምረው አንድ ነገር ነው። "ወረቀቱ ይደርሳል። መጀመሪያ ሹፌሩን እዪው። ሳቅ ካበዛ ጎማውን ቁጠሪ።"

ይህች ሴት ነች እንግዲህ በገዛ ቤቷ፣ በገዛ ሰውነቷ ላይ ሚዛን የተጭበረበረባት።

ታናሽ ወንድሟ ኩላሊቶቹ ከደከሙ ሁለተኛ ዓመቱ ነው። ሰኞ፣ ረቡዕና ዓርብ ሆስፒታል ሄዶ ደሙ በማሽን ይታጠባል። ከታመመ ወዲህ የሚኖረው እሷ ቤት ነው። ምርመራ ሲደረግ የእሷ ኩላሊት ለእሱ ተስማሚ ሆኖ ተገኘ። ያን ቀን ከሆስፒታሉ ደጃፍ ቆማ አለቀሰች፤ ፈጣሪዋንም አመሰገነች። ሐኪሙ ግን መነጽሩን አውልቆ፣

"ሰማንያ አራት ኪሎ ነዎት" አላት። "በዚህ ክብደት ቀዶ ጥገናው ለርስዎ አደጋ አለው። በአምስት ወር ውስጥ ሰባ ስድስት ከገቡ የንቅለ ተከላው ኮሚቴ ፊት አቀርብዎታለሁ። ካልሆነ ስምዎን እሰርዛለሁ።"

"ስምንት ኪሎ? ምን አድርጌ?"

"በቀን አንድ ሰዓት ፈጠን ፈጠን ብለው ይራመዱ።"

ሳቋ መጣ። የትኛዋን ሰዓት? ማቀዝቀዣው በር ላይ የለጠፈችው የቤቱ ፕሮግራም የአውቶቡስ መነሻ ሰሌዳ ይመስላል። ባለቤቷ የአውቶቡስ ሹፌር ነው፤ አንድ ሳምንት ጠዋት፣ አንድ ሳምንት ከሰዓት። ሁለቱ ልጆች የሚማሩት በሁለት ትምህርት ቤት ነው፤ አንዱ በግራ፣ አንዱ በቀኝ። በዚያ ላይ የወንድሟ ቀጠሮ፣ የልጅቷ የቤት ሥራ፣ የሁሉም ልብስ። ከዚያ ሰሌዳ ላይ አንድ ሰዓት ማውጣት ከድንጋይ ውሃ መጭመቅ ነው። ይህንኑ ነገረችው።

"እንግዲያው የቀረው መንገድ በአፍ በኩል ነው" አለ ሐኪሙ። "ትንሽ ሳህን። ቅባት የለም፣ ስኳር የለም። ማታ ከአንድ ሰዓት በኋላ ከውሃ በቀር ምንም።"

እንዳለው ሆነ። አብረዋቸው የሚኖሩት አማቷ ማታ ማታ የአትክልት ሾርባ ይሠራሉ፤ ጠዋት ደግሞ ወንድሟ ከድስቱ ጨልፎ ምሳ ዕቃዋን ይሞላል። ከመታመሙ በፊት የሆቴል ወጥ ቤት አለቃ ነበረና የሙያ ጓደኞቹ "ጭልፋ" ይሉታል። ቤት ውስጥ ለጉልበቱ የምትበቃው ሥራ ይህችው ምሳ ዕቃ ብቻ ስለሆነች ማንም እንዲነካበት አይፈልግም።

አማቷ ነገሩን አልወደዱትም፤ አልደበቁትምም።

"እግዜር ሁለት አድርጎ የሰጠ አንዱ ትርፍ ሆኖበት ነው?" ይላሉ ካሮት እየከተፉ። "ሁለት ልጅ አለሽ። እኔ አሮጊት ነኝ። ልጄ እንደሆነ ካልሲውን እንኳ ጥንድ አድርጎ ማግኘት የማይችል ሰው ነው።"

"እማማ፣ ይሠሩልኛል አይሠሩልኝም?"

"እሠራለሁ። አፌን ግን አልዘጋም።"

ቅዳሜ ቅዳሜ ጠዋት፣ ቁርስ ሳትቀምስ፣ "በስምህ" ብላ የቤቱ ሚዛን ላይ ትወጣለች። በመጀመሪያው ወር ሦስት ኪሎ ሄደ። በሁለተኛው ሁለት። ሰባ ዘጠኝ ስትገባ ቀሚሷ ወገቧ ላይ ዞረ፤ ሹፌሮቹም "ወይዘሮ ግራም፣ ጭነት አራገፍሽ እንዴ?" እያሉ ይሟዘዙባት ጀመር። በሦስተኛው ወር ሚዛኑ ቆመ። ሰባ ዘጠኝ ተኩል። ሰማንያ። ሰማንያ ከሦስት መቶ።

የበላችው አልተለወጠም። ሳህኗ ያው፣ ሰዓቷ ያው። መጀመሪያ የጠረጠረችው ሚዛኑን ነው። በፌስታል ጠቅልላ ጣቢያ ወሰደችው፤ እዚያ ባሉት የመፈተሻ ብረቶች ሃያ፣ አርባ፣ ስድሳ እያለች ሞከረችው። ንጹሕ ነው። ቀጥላ ራሷን ጠረጠረች፤ የልጆቹን ትርፍራፊ ሳላስበው እጎርስ ይሆን ብላ አንድ ሳምንት ሙሉ የገዛ እጇን ስትጠብቅ ሰነበተች። እጇም ንጹሕ ነው።

ያልጠረጠረ ተመነጠረ ይላሉ። የዘይቱን ጠርሙስ በእስክሪብቶ ምልክት አደረገችበት። አማቷ ወጥ ቤት ሲገቡ ውሃ ልትጠጣ ትገባለች፤ ሲወጡ ትወጣለች። ባለቤቷን ለጊዜው ተወችው፤ እሱ ክፋት ቢያስብ እንኳ የሚሠራበት ሰዓት ፕሮግራሙ ላይ አልነበረም። ወንድሟም በዚያው ሰሞን ጨዋታ አብዝቶ ነበር። ምሳ ዕቃውን ሲያቀብላት "እንኪ፣ ውሃሽን በማንኪያ ጠጪ" ይላታል፤ ልጆቹ ይስቃሉ፣ እሷም ትስቃለች። በሽተኛ ሲስቅ ማን ይጠረጥራል?

አንድ ማክሰኞ የመኪናው ሰልፍ እስከ መታጠፊያው ደረሰና ምሳ ሳትበላ ዋለች። ምሳ ዕቃውን ከነሾርባው ቢሮው ማቀዝቀዣ ውስጥ ረስታው ሄደች። ረቡዕ ጠዋት ክዳኑን ስትከፍት ደርቃ ቀረች። ሾርባው ላይ የጣት ውፍረት ያለው ነጭ ቅቤ ግግር ብሎ ተቀምጧል። በማንኪያ ብትመታው ኳ አለ።

ያን ቀን ማታ ልጆቹ የቤት ሥራቸውን ሲይዙ ወጥ ቤት ገብታ በሩን ዘጋችው።

"እማማ፣ አንድ ነገር ልጠይቅዎ። በእውነት ይመልሱልኝ።"

"መቼ ዋሽቼሽ?"

"ሾርባዬ ውስጥ ቅቤ የሚጨምሩት እርስዎ ነዎት?"

አማቷ ቢላዋውን አስቀመጡ። እጃቸውን በሽርጣቸው ቀስ ብለው ጠረጉ።

"እኔ የምቃወመውን ፊት ለፊት ነው የምቃወመው" አሉ በመጨረሻ። "ከኋላ ሄጄ በጭልፋ አልዋጋሽም። ስኳር ትቼ ሻይ የምጠጣው ለምን ይመስልሻል?"

"ስኳር ተዉ እንዴ?"

"ሦስት ወር ሆነኝ። አንቺ ፊት እየሞጀርኩ ምራቅሽን አላስውጥሽም ብዬ። ስንቱን የጭነት መኪና በዓይንሽ ስትመዝኚ እኔን አላየሽኝም።"

ወይዘሮ ግራም ምድር ብትውጣት ደስ ባላት። አንገቷን ደፍታ "ይቅር ይበሉኝ" አለች።

"እግዜር ይቅር ይበልሽ። አሁን አታልቅሺ፤ ሥራሽን ሥሪ። ነገ ጠዋት ማንም ሳይነካው ከድስቱ ራስሽ ቅጂና እዪው።"

ሐሙስ ጎህ ሲቀድ፣ ቤቱ እንቅልፍ ላይ እንዳለ፣ ከድስቱ ጨልፋ ባዶ የማርማላት ጠርሙስ ሞላችና ቦርሳዋ ውስጥ ደበቀችው። ከዚያ ተመልሳ ተኛች። ወንድሟ ተነስቶ እንደ ልማዱ ምሳ ዕቃዋን ሞላ፣ እንደ ልማዱ ቀለደ፣ ሰጣት። ሁለቱን ጎን ለጎን ቢሮው ማቀዝቀዣ ውስጥ አስቀመጠቻቸው።

በዘጠኝ ሰዓት ከፈተቻቸው። ጠርሙሱ ውስጥ ያለው ሾርባ ጠርቶ ካሮቱ ከታች ይቆጠራል። ምሳ ዕቃው ነጭ ክዳን ደፍቷል።

ወንበሯ ላይ ተቀመጠች። ውጭ መኪኖች ጥሩንባ ይነፋሉ። በዚያች ሰዓት ማን እንዳለፈ፣ ምን እንደጫነ ብትጠየቅ አታውቅም። አሁን ሁሉም ነገር እየተመለሰ መጣላት። የአማቷ ሾርባ ማታ ቤት ስትቀምሰው ውሃ ውሃ ይላል፤ ያው ሾርባ ምሳ ላይ ስታሞቀው ጣት ያስቆረጥማል። ረሃብ ቅመም ነው ብላ አልፋዋለች! አሥራ ሦስት ዓመት ሙሉ "ሳቅ ካበዛ ጎማውን ቁጠሪ" ስትል ኖራ።

ከዚያ በኋላ የመጣው ሐሳብ ግን ከሁሉ የከፋ ነበር። መኖር አይፈልግ ይሆን? ወይስ የእኔን ስጦታ ነው የማይፈልገው?

ዓርብ ከሰዓት ፈቃድ ጠይቃ ሆስፒታል ሄደች። ወንድሟ አልጋው ላይ ነው፤ ክንዱ ላይ መርፌ፣ ከጎኑ ማሽኑ እያጉረመረመ ደሙን ያዞራል። ወንበር ስባ ተቀመጠች።

"ምነው እትዬ፣ ሚዛኑ ተሰበረ?" አላት።

"ክንድህ ስለታሰረ ዛሬ አታመልጠኝም" አለችና ጠርሙሱንና ምሳ ዕቃውን አልጋው ላይ ደረደረቻቸው። ክዳኑን ከፈተችው።

ወንድሟ አንዱን አየ፣ ሌላውን አየ። ሳቁ እንደ ክብሪት ጠፋ።

"ለውዙንም ደረስሽበት?" አለ ድምፁን ዝቅ አድርጎ።

"የምን ለውዝ?"

"አልደረስሽበትም!" ሳያስበው ፊቱ በራ። "ሦስት ጊዜ በወንፊት አሳልፌው እኮ ነው።"

"አንተ ዱርዬ!" አለች፤ መሳቅ እንጂ መቆጣት እንዳቃታት ገባትና ይበልጥ ተናደደች። "ለምን? ልትሞትብኝ ነው?"

ማሽኑ ጢጥ አለ፤ ነርሷ መጥታ አንድ ቁልፍ ተጭና ሄደች።

"ትንሿ ልጅሽ አንድ ቀን አጠገቤ ተቀምጣ ሥዕል ትሥላለች" አለ። "'አጎቴ፣ እማዬ ከተቀደደች በኋላ ማን ይሰፋታል?' አለችኝ። ሐኪሙ ነው አልኳት። 'እሱ ባይችልስ?' አለችኝ። ምን ልበላት?"

"ለኔ አትነግረኝም ነበር?"

"እምቢ ልልሽ አሰብኩ። አንቺን እምቢ ብሎ ያለፈ ሰው የለም፤ ሹፌሮችሽን ጠይቂ። እሺ ልበል ስል ደግሞ የልጅቷ ጥያቄ ጉሮሮዬ ላይ ቆመ። ስለዚህ ለሚዛኑ ተውኩት። ሚዛን ከከለከለ ማንም በማንም አይቀየምም።"

"ሚዛን የሚፈርደው ሲተዉት ነው። አንተ እጅህን ጭነህበታል።"

"አውቃለሁ።"

"በእኛ ጣቢያ ሚዛን ያጭበረበረ ምን እንደሚደረግ ታውቃለህ? ያራግፋል፣ ከሰልፉ ኋላ ይገባል፣ እንደገና ይመዘናል። ስማኝ። በአፍህ እምቢ ካልከኝ፣ በአባቴ አጥንት፣ አላስገድድህም፤ ስሜን ራሴ ሄጄ አሰርዛለሁ። እሺ ካልክ ግን እጅህን ከሾርባዬ አንሳ። አራት ኪሎ ከሦስት መቶ ቀርቶኛል፤ ሁለት ወር አለኝ። መልሱን ዛሬ አልጠይቅህም።"

"እፈራለሁ፣ እትዬ።"

"እኔስ? የማልፈራ መሰለህ? ጸሎት ለማን ተሠራና።" ብርድ ልብሱን እግሩ ላይ አስተካከለችለት። "ልጅቷን ደግሞ ዛሬ እኔ አናግራታለሁ። የጠየቀችው የሚገባ ጥያቄ ነው።"

እጥበቱ ሲያበቃ ነርሷ ደግፋ ሚዛን ላይ አወጣችው። ሲገባ ስድሳ አንድ ተኩል ነበር፤ አሁን ሃምሳ ዘጠኝ። ዞር ብሎ አያት።

"አየሽ? ስፖርት የለ፣ ሩጫ የለ፤ በአራት ሰዓት ሁለት ኪሎ ተኩል። ላስተምርሽ?"

አልሳቀችም። ቁጥሩን ሳይሆን ሚዛኑን የረገጡትን ቀጫጭን እግሮች ነበር የምታየው።

ቤት ስትገባ አማቷ ምንም አልጠየቋትም። "ማን እንደሆነ አትንገሪኝ፤ ነገም አብሮን የሚበላ ሰው ነው" ብቻ አሉ፤ ሻያቸውን ያለ ስኳር ቀዱ። ትንሿን ልጅ ጭኗ ላይ አስቀምጣ መስፋት እንዴት እንደሆነ፣ ሐኪሙ ስንት ሰው እንደሰፋ፣ መፍራትም ነውር እንዳልሆነ አጫወተቻት። ልጅቷ ሁሉንም ሰምታ፣ "ክሩ ምን ዓይነት ቀለም ነው?" አለች። ወንድሟ ከጓዳው በር ላይ ቆሞ ይሰማ ነበር።

ሰኞ ጠዋት ምሳ ዕቃዋን ሲሰጣት አልቀለደም። "እንኪ" አለ፤ አለቀ።

ጣቢያ ደርሳ ቀጥታ ማቀዝቀዣው ውስጥ አስቀመጠችው። ወንድም ወንድም ነው፤ ጭነት ግን ሳይመዘን አያልፍም። ስድስት ሰዓት ሆነ፤ አልከፈተችውም። ሰባት ሆነ፤ ሆዷ ጮኸ። ስምንት። ዘጠኝ ሰዓት ላይ አንዱ ሹፌር "ወይዘሮ ግራም፣ ዛሬ ፊትሽ ገረጣ" ሲላት "ጎማህን ወደ ኋላ መልስ" አለችውና ተነስታ ክዳኑን ከፈተችው።

ነጭ ነገር የለም። ካሮቱ ከታች ይቆጠራል።

አንድ ማንኪያ ቀመሰች። ጨው የለው፣ ጠረን የለው፤ የአማቷ ሾርባ ራሱ ነው፣ ያውም ቀዝቅዞ። ጭልፋ ከተባለበት ቀን ጀምሮ ጣዕም የሌለው ነገር ከእጁ ወጥቶ አያውቅም፤ ሆቴሉ እያለ እንዲህ ያለ ሾርባ ወደ እንግዳ ከሚልክ ሥራ ቢለቅ ይመርጥ ነበር። ዛሬ ግን ምንም ሳይነካው፣ እንዳለ፣ ክዳኑን ገጥሞ ሰጥቷታል።

ወይዘሮ ግራም መስኮቱን ዘጋች። ከውጭ ጥሩንባ ቢነፉም አልሰማቻቸውም። ያን ውሃ የመሰለ ሾርባ በማንኪያ እስከ ታች ጨረሰችው፤ የቀረውን በምሳ ዕቃው ጠርዝ ጠጣችው።