አክሊቪቲ ማን ናት?

ሴቶቹ «አታለቅስም እኮ» እያሉ ሲንሾካሾኩ ዙሀራ ሰማቻቸው። አልተቀየመቻቸውም። ባሏ ሰይፈዲን ከተቀበረ ሁለተኛ ቀኑ ነው፤ ለቀስተኛው የኮልፌን ዳገት እያለከለከ ወጥቶ ምንጣፉ ላይ ይቀመጣል፣ ዱዓ ይደረጋል፣ የእሷ ዓይን ግን እንደ ደረቀ ነው።

እንዴት ታልቅስ? ሃያ ዓመት አብሯት ኖሮ፣ ነፍሱ ልትወጣ ስትል የጠራው የሌላ ሴት ስም ነው! ጣቶቿን ጨብጦ «አክሊቪቲ… አክሊቪቲ…» አለ። የፈረንጅ ስም መሆኑ አልጠፋትም። የጃንሆይን መንገድ ከሚቀይሱ እንግሊዞች ጋር አገር ላገር ሲዞር የኖረ ሰው ነው። ምነው ጆሮዬን በደፈነው ብላ እጇን መነጨቀችው። ሰይፈዲን የሞተው ባዶ እጁን ነው።

ደግሞኮ እንዲህ ያለ ሰው አልነበረም። ከሥራ ሲመለስ ከዳገቱ ግርጌ ሳሉን ትሰማና፣ በጣሳ ውሃ ሞልታ የግቢው በር ላይ ታስቀምጥለት ነበር። ቆሞ ይጠጣና «ደረስን እንግዲህ» ይላል። ሌላ ወሬ የለውም። ዝምታውን ጨዋነት ነው ስትል ኖራ አሁን መሸፈኛ መሰላት።

በሦስተኛው ቀን የሥራ ባልደረባው ገሜዳ መርዶውን ሰምቶ ከጅማ መጣ። ዱዓው ሲያበቃ ዙሀራ ጠጋ አለችው።

«በአላህ አትደብቀኝ። አክሊቪቲ ማን ናት?»

ገሜዳ ግራ ገብቶት አያት። «ማን ናት? ዳገት ናት እንጂ።»

ከዚያ አስረዳት። እንግሊዛዊው መሐንዲሳቸው ዳገትን በተለመደው የእንግሊዝኛ ስሙ አይጠራም፤ የገዛ አገሩ ሰዎች እንኳ እምብዛም የማያውቁትን ይህን ቃል ነው የሚወደው። ከጥንት ሮማውያን ቋንቋ የመጣ ነው ይላቸዋል፦ «ክሊቩስ» ማለት ተዳፋት፣ ከፊቱ የተቀጠለችው ደግሞ «ወደ» ማለት ናት፤ ወደ ላይ የሚወስድ ተዳፋት። ሰይፈዲን የመለኪያውን እንጨት ተሸክሞ ሲወጣ ቃሉ ከአፉ አይጠፋም ነበር።

«ሲደክመው ‹አክሊቪቲው አላለቀም?› ይለኛል» አለ ገሜዳ። «እኔም ገና ብንሆን እንኳ ‹ደርሰሃል› እለዋለሁ። በዚያች ብቻ ይበረታ ነበር።»

ዙሀራ እጇን አየች። ለካ እየጠየቃት ነበር! የሦስት ቀኑ ለቅሶ ያኔ ገነፈለ፤ ሴቶቹም ማባበል አቃታቸው።

ለቀስተኛው ሲበተን ተነስታ ጣሳውን ሞላች። የግቢው በር ላይ አስቀመጠችው። ያንኑ የመነጨቀችውን እጇን ከጣሳው ሳታነሳ፣ ዳገቱን ቁልቁል እያየች «ደርሰሃል» አለችው።