እንባ የጠፋለት ባለወፍጮ

እትዬ አሰለፈች በሃብሩ ወረዳ ድንጋይ ያስለቅሳሉ የሚባሉ አልቃሽ ናቸው። ሠላሳ ዓመት ሙሉ እሳቸው የገቡበት ለቅሶ ደርቆ አያውቅም። ዘንድሮ ግን ጉድ ፈላ። የግራናው ባለወፍጮ ጋሽ ወንዳወቅ ሞቱ። ልጃቸው ሞገስ ወልድያ ካለው ቢሮው መጥቶ «የአባቴን ሣልስት አደራ» አላቸው፤ እሳቸውም እሺ አሉ። እሺ ማለት ቀላል ነው።

አልቃሽ ሙሾ ከማውረዷ በፊት የሟቹን ደግነት ታጠያይቃለች። እትዬ አሰለፈችም ግራናን ዞረው ጠየቁ። አንዷ «ጆንያዬን ሁለቴ አራግፎ የተረፈውን ለራሱ ይጠርግ ነበር» አለች። ሌላው «ነፍስ ይማር» አለና ትንሽ አሰበ፤ አስቦ አስቦ «ነፍስ ይማር» ብሎ ደገመው። በቃ፣ ያገኙት ይኸው ነው።

ከሰዓት ወደሚኖሩባት መርሳ ተመልሰው ዘፈን መጫኛ ሱቅ የምትሠራው የልጅ ልጃቸው ፅዮን ዘንድ ገቡና የሞከሩትን አሰሟት።

«ወንዳወቅ ወንዳወቅ የግራናው ጌታ፣
ያንተ ወፍጮ ሲቆም ማን ይፈጭልን ማታ።»

«እማምዬ፣ ማታ እኮ መብራት የለም» አለች ፅዮን።

«አፍሽን ያዢ። ይልቅ ይሄ የሚያጉረመርመው ምንድነው? ኮምፒውተርሽ ታመመ?»

«ሙዚቃ ነው። ዳርክ አምቢየንት ኒዮክላሲካል ይባላል።»

«ስሙ ራሱ ጠበል ያስፈልገዋል።»

ግን ወንበር ሳቡ። ከታች የሆነ ነገር ያጉተመትማል፣ ተራራ ተኝቶ የሚያንኮራፋ ይመስላል። በላዩ ቫዮሊን ቀስ ብሎ ይጎተታል። ፒያኖው አንዴ ጠብ ይልና ሁለተኛው ጠብታ እስኪመጣ ሰው ያስጨንቃል።

«ምን እያለ ነው?»

«ምንም። ቃል የለውም።»

«ታዲያ ማን ሞቶበት ነው?»

«ደስ የሚለው እሱ ነው፤ አይነግርዎትም። የራስዎን ያስገቡበታል።»

እትዬ አሰለፈች «እብድ» ሊሏት አፋቸውን ሲከፍቱ፣ የስምንት ዓመት ልጅ ሳሉ ገደል የገባችባቸው ጥጃ ድቅን አለችባቸው። ያኔ «ከብት ጣልሽ» ተብለው ሲገረፉ ለጥጃዋ የሚያለቅሱበት ጊዜ አልነበራቸውም። ለሰው ሲያድሉት የኖሩትን እንባ ዛሬ ለራሳቸው አወረዱት። በነጠላቸው ጫፍ ተናፍጠው «ነገ ይሄን ይዘሽ ትመጫለሽ» አሉ።

በማግስቱ ድንኳኑ ሞላ። ፅዮን ስፒከሩን ወንበር ስር ደብቃ ከፈተችው። ሰው መጀመሪያ ተያየ። ከዚያ ከሐራ የመጣ ከብት ነጋዴ ትከሻው ተንቀጠቀጠና «ወይኔ ቦራዬ» አለ፤ በሬውን ነው። ከኋላው ሔዋን የምትባል የግብርና ባለሙያ «አምስት ዓመት ዝውውር ጠየቅኩ» ብላ ተንሰቀሰቀች። አንድ ሽማግሌ የወለቀ ጥርሳቸውን አለቀሱ። ድንኳኑ በእንባ ራሰ፤ ወንዳወቅ የሚል ግን አንድ ሰው የለም።

ሞገስ ጎንበስ ብሎ መጣ።

«እትዬ፣ የአባቴን የሚያለቅስ የታለ? ይሄ ሁሉ ሰው የራሱን ጉዳይ ሊያስፈጽም ነው እንዴ የመጣው?»

አነጋገሩ የቢሮ ነው፤ ዓይኑ ግን ቀልቷል።

እትዬ አሰለፈች አፈሩ። ጆሯቸውን ወደ ስፒከሩ ቢያዘነብሉ ያ ከታች የሚያጉተመትመው ነገር እንግዳ እንዳልሆነ ገባቸው። ግራና በመጡ ቁጥር ገና ከመኪና ሳይወርዱ የሚቀበላቸው ድምፅ ነው። ቀና ብለው ወፍጮ ቤቱን አዩት፤ ዝም ካለ ሦስት ቀኑ። ተነሱ፣ ደረታቸውን መቱና አወረዱ፦

«ደግ ነበር አልልም ሰው ይታዘበኛል፣
ወፍጮህ ዝም ሲልብኝ ጆሮዬ ይርበኛል።»

ድንኳኑ ሁሉ ያዳምጥ ጀመር፤ በየማለዳው ሲቀሰቅሰው የኖረውን ድምፅ አሁን ለየው። ያቺ ጆንያዋ የተራገፈባት ሴትዮ ቀድማ «ወንዳወቅ» ብላ እሪ አለች፤ «ሌባዬ» ብላም ጨመረችበት። ሌላው ተከተላት። ሞገስ ፊቱን በክራቫቱ ሸፈነ።

ሦስት ቀን ሙሉ እንባ ጠብ ያላለላቸው የሟቹ ሚስት እትዬ ደስታነሽ ጉንጫቸው ርሶ ወደ ፅዮን ዘንበል አሉ።

«ልጄ፣ ትንሽ ጨምሪው» አሏት። «እኔ ቤት እንዲህ ዝቅ ብሎ አይሰማም ነበር።»