ማሬ አውሮፕላን ያለችው ብርሃን

ከእህቴ ከማሬ ጋር ተስማምቼ አላውቅም። እኔ ነጭ ካልኩ እሷ ጥቁር ነው፤ በልጅነታችንም እንዲያው፣ ቅድስት ምድር መጥተን ጊቫት ሃሞሬ በሚሉት ሰፈር በአንድ ሕንፃ ስንኖርም እንዲያው። ካትዩሻ የሚሉት ሮኬት ከዘነበብን ጦርነት በኋላ ባለው ጸደይ ደግሞ የሰማይ ነገር አጣላን።

ፀሐይ ስትጠልቅ ከከተማው በላይ፣ በምዕራብ በኩል፣ አንድ ብርሃን ቦግ ይላል። ማሬ በረንዳዋ ላይ ቆማ «አውሮፕላን ነው» ትላለች። ያለቻት አንድ ልጇ ጥሩአየሁ ጎንደር ቀርታ፣ ወደኛ መምጫ ፈቃድ አግኝታ፣ የጉዞ ተራዋን ነበር የምትጠብቅ። «ዛሬም ሰው እየመጣ ነው። የኔም ልጅ እንዲሁ ትመጣለች» ትላለች።

«የምን አውሮፕላን! አውሮፕላን እንደ ችካል ተተክሎ ይቆማል?»

«ወደኛ የሚመጣ ቆሞ ነው የሚታይ፣ አያ ፈንታ። አንተ ምን ታውቃለህ!»

ልጄ ኦዴያ ትምህርት ቤት ጠይቃ መጥታ፣ «ዘ ሎ ማቶስ፣ ዶዳ! አክስቴ፣ አውሮፕላን አይደለም፤ የምሽት ኮከብ ነው፣ ኖጋ ነው የሚሉት» ብትላት ጭራሽ ሳቀችባት። እኔም ምን በወጣኝ እሸነፋለሁ! በየማታው ስንጨቃጨቅ ከረምን። እውነቱን ለመናገር፣ ደስም ይለን ነበር።

አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ ከጎንደር ተደወለልኝ። ጥሩአየሁ በድንገት ታማ ሞታለች። ወይኔ ልጄን! ስም ያወጣሁላት እኔ ነኝ። መርዶ ደግሞ ዘመድ ተሰብስቦ፣ በማለዳ ነው የሚነገር። ከነታንያ ከተማ የሚመጡት ዘመዶቻችን እስኪደርሱ፣ ማሬ ይችን አንዲት ሌሊት እንኳ እናት ሆና ትደር ተባባልን።

ፊቴን ታጥቤ እሷ ቤት ገባሁ። በረንዳው ላይ ናት። ብርሃኑም ወጥቷል።

«አየኸው አውሮፕላኔን?» አለችኝ እየሳቀች። ሙግቴን ነው የምትጠብቅ።

የዛሬን እንኳ ደስ ይበላት ብዬ፣ «አዎ ማሬ፣ አውሮፕላን ነው» አልኳት።

ሳቋ ቆመ። ብርሃኑን ትታ እኔን ታየኝ ጀመር። ፊቴን አዞርኩ።

«አያ ፈንታ፣ አንተ እኔን መቼ እሺ ብለኸኝ ታውቃለህ?»

ነጠላዋን ከትከሻዋ አወረደችና ወገቧን ታጠቀችበት።

«ጥሩአየሁ ናት?»

ለሁለተኛ ጊዜ «አዎ» አልኳት።