ሮበሌ ያሸነፈበት ውድድር

በ1988 ዓ.ም. ጥር ላይ፣ ለቡ ገና ሜዳ ሳለች፣ ሙሴ ዣክ የሚባል ፈረንሳዊ የሞተር ሳይክል ውድድር አዘጋጀ። የጎፋ ሰው ለማየት ግልብጥ ብሎ ወጣ። ወርቅ ሠሪው አቶ ላቀውም ሱቁን ቆልፎ፣ ዘበኛውን አስከትሎ መጣ። ሙሴ ዣክ አቶ ላቀውን የውድድሩ ዳኛ ያደረገው ሱቁ ያለ ጠባቂ እንዲቀር ሆን ብሎ ነበር።

ሱቁን የሚዘርፉለት ሁለት ጓደኛሞች ናቸው። ሮበሌ የታወቀ ተወዳዳሪ ነው፤ ሕዝቅኤል ደግሞ ሞተሩን ይጠግንለታል። ፈረንሳዊው ለሁለቱም አንድ ዓይነት ሞተር፣ አንድ ዓይነት ቀይ ልብስና ፊት የሚሸፍን ሄልሜት ሰጣቸው። ሮበሌ ውድድሩን ይጀምርና ሜዳው ዳር ካለው ባሕር ዛፍ ጫካ ሲደርስ አቧራው ውስጥ ተሰውሮ ወደ ወርቅ ቤቱ ይከንፋል። እዚያ ተደብቆ የሚጠብቀው ሕዝቅኤል በእሱ ቦታ ይነዳል። ሲመለስ መልሰው ይቀያየራሉ። አገር ምድሩ ሲወዳደር ያየውን ሰው ማን ይጠረጥራል?

«መሃል ላይ ቆይልኝ፣ አትፍጠን» አለው ሮበሌ ጠዋት። «ማሸነፉ ይቅርብኝ፤ ብቻ ስመለስ ጠብቀኝ።»

መጀመሪያ ሁሉም እንዳሰቡት ሆነ፤ አቧራው ውስጥ ተቀያየሩ። ሕዝቅኤል ሜዳውን ዞሮ ባሕር ዛፉ ጋ ሲደርስ ሮበሌ የለም። ደግሞ ዞረ፤ አሁንም የለም።  በመጨረሻው ዙር ግን ከግንዶቹ መሃል ቆሞ አየው። ሄልሜቱን አውልቋል፤ ሞተሩ አብሮት የለም። ሕዝቅኤል ሊቆምለት ፍሬን ያዘ። ሮበሌ እጁን አንሥቶ «ንዳ!» የሚል ምልክት አሳየው።

ነዳ። ኩርባው ላይ ከፊቱ የነበሩት ሁለት ተወዳዳሪዎች ተጋጭተው ሲወድቁ በመሃላቸው አለፈ። አንደኛ ወጣ።

ሕዝቡ «ሮበሌ! ሮበሌ!» እያለ ከበበው። የሮበሌ ሚስት ኤሌኒ ሰዉን ጥሳ መጥታ ተጠመጠመችበት።

«እንኳን በሰላም ገባህልኝ፣ የኔ ጌታ!»

ሕዝቅኤል ሄልሜቱን አላወለቀም። ያን ጊዜ አንድ ፖሊስ እየሮጠ ወደ አቶ ላቀው መጣ።

«ጌታዬ፣ ሱቅዎ ተዘርፏል። ሌባው ግን ሲያመልጥ ከነሞተሩ ከድልድይ ላይ ወድቆ ሞቷል። ወርቁም እዚያው ተገኝቷል።»

«መቼ ነው የሞተው?»

«ውድድሩ ሳይጋመስ። እንደሱ ዓይነት ቀይ ልብስ ለብሷል» ብሎ ወደ አሸናፊው ጠቆመ።

ኤሌኒ ሄልሜቱን በገዛ እጇ አወለቀችው። ሕዝቅኤልን አየች።  ሄልሜቱን ቀስ ብላ መልሳ ራሱ ላይ ልታጠልቀው ሞከረች። ሰዎች እጇን ይዘው አስቆሟት።

ፈረንሳዊው በዚያው ተሰወረ፤ ሕዝቅኤል ታሰረ። ከዓመታት በኋላ ሲፈታ በቀጥታ ጎፋ፣ ኤሌኒ ቤት ሄደ። ወንበር ሰጠችው።

«ከሞተ በኋላ አይቼዋለሁ፣ ባሕር ዛፉ ጋ» አላት። «ለፖሊስ አልተናገርኩም። ማንስ ያምነኛል?»

«እኔ አምንሃለሁ» አለች ኤሌኒ። «እኔም ያን ቀን ያቀፍኩት እሱን ነበር። ጠረኑ የእሱ፣ አተነፋፈሱ የእሱ። ፊትህን እስካይ ድረስ እሱ ነበር። አንተ ነበርክ እንዳትለኝ።»

ይቅርታ ሊጠይቃት ነበር የመጣው፤ ሳይጠይቃት ለመሄድ ተነሣ።

«ቁጭ በል፣ ምሳ ሳትበላ አትሄድም» አለችው።

አቀረበችለት። በልቶ እስኪነሣ ድረስ ትክ ብላ እያየችው ተቀመጠች፤ ሕዝቅኤል ብላ ግን አንድም ጊዜ አልጠራችውም።