ሦስት ቀን ጥርት ባለ ፈሳሽ

ባሌን ሰው ሁሉ «ሼፉ» ነው የሚለው። ሃያ ዓመት ሙሉ በሆቴል ኩሽና የቆመ ሰው ነውና እኔም ሌላ ስም አላወጣሁለትም።

ሐኪሙ ወረቀት ላይ ጨጓራ ሥሎ አሳየን። መውጫው ላይ እጢ በቅሎ በሩን አጥብቦታል። «ውሃ ያልፋል፤ ጠጣር ነገር ግን እዚያው ይጠራቀማል» አለ። ስለዚህ ከኦፕራሲዮኑ በፊት ለሦስት ቀን ብርጭቆ ውስጥ ሲቀዳ ወዲያ ማዶ የሚያሳይ ነገር ብቻ እንዲወስድ አዘዘ፦ የተጠለለ ሾርባ፣ ዝቃጭ የሌለው የፖም ጭማቂ፣ ወተት የሌለው ሻይ። «ሆዱ ባዶ ካልሆነ ማደንዘዣ ሲሰጠው ያስመልሰዋል። ትውከቱ ወደ ሳንባው ከገባ ደግሞ...»

«ገባን ዶክተር፣ አይጨርሱት» አልኩት።

ቤት ገብቼ የምግብ ቁም ሳጥኑን ቆለፍኩ፤ ቁልፉን ጡቴ ሥር ሸጎጥኩ። ሾርባውን በንጹሕ ጨርቅ ደጋግሜ አጠለልኩት። ሼፉ ብርጭቆውን ወደ መስኮቱ አንስቶ አየና «ይሄ ሾርባ አይደለም፣ የሾርባ ትዝታ ነው» አለኝ።

«ጠጣ እንግዲህ! ሙያህን ሲሻልህ ታሳየኛለህ።»

በሁለተኛው ቀን ጠዋት ልብሱን ለባብሶ አገኘሁት። ሥራ ልሂድ አለ። ደሜ ፈላ።

«በዚያ ሁሉ ምግብ መሃል? አብደሃል እንዴ?»

«ቤት ከዋልኩ ረሃቡ ራሱ ይገድለኛል። እጄ ሥራ ሲይዝ ሆዴ ይረሳዋል። ደግሞስ ወጥ ቤት ሠራተኛ መቼ በልቶ ያውቃል?»

ይህስ እውነት መሰለኝ። ሁልጊዜ ማታ ሲመጣ ወንበሩ ላይ ዘፍ ብሎ «ዛሬ እህል በአፌ አልዞረም» ይለኛል፤ እኔም አንጀቴን ይበላውና እየሮጥኩ አቀርብለታለሁ። ፔርሙዝ ሙሉ ሾርባ አስያዝኩት፤ ኩሽና ውስጥ አብራው ለምትሠራው ምክትሉም ደወልኩላት። «ሰሃን ይዞ ከተቀመጠ አሁኑኑ ትነግሪኛለሽ» አልኳት። ማታ ደውላ፣ ኧረ ሰሃን የሚባል ነገር አልያዘም፣ እኔ ከጎኑ ነበርኩ ብላ ማለችልኝ። በማግስቱም እንደዚያው። አልዋሸችም።

የኦፕራሲዮኑ ቀን ነርሷ ምን እንደወሰደ ስትጠይቀው ፈሳሽ ብቻ አላት። እኔም ጣልቃ ገብቼ «እኔ ነኝ የጠበቅኩት» አልኩ፤ ኩራትም ሳይሰማኝ አልቀረም። አልጋውን እየገፉ ሲወስዱት «ስድን የመጀመሪያውን ምሳ እኔ ነኝ የምሠራው። ያንቺ ሾርባስ በቃኝ» ብሎ ሳቀብኝ።

ሐኪሙ ቶሎ ተመልሶ ወጣ። ከወንበሬ ተነሣሁ።

«ማደንዘዣውን ስንሰጠው አስመለሰው። ሳንባው ውስጥ ገብቷል። ኦፕራሲዮኑን አልጀመርነውም። እውነቱን ይንገሩኝ እስቲ፣ ምን በላ?»

«ምንም! እኔን ውሸታም ሊያደርጉኝ ነው?» ኮሪደሩ ላይ ያለው ሰው ሁሉ ዞር ብሎ አየን።

ድምፁን ዝቅ አደረገ። «ሩዝ አግኝተናል። ምስር። ካሮት። ዓሣም አለበት።»

አፏ ጤፍ ይቆላል ይሉኛል፤ ያን ጊዜ ግን የዘረዘረውን በጣቴ መቁጠር ጀመርኩ። ተደብቆ የበላ ሰው አንድ ነገር ነው የሚበላው። ይህ ግን የሆቴሉ ምሳ ነበር፣ ከነሙሉ ዓይነቱ። ሼፉ ካልቀመሰው ከዚያ ኩሽና አንድም ድስት አይወጣም። በማንኪያ ቆንጠር አድርጎ መዳፉ ላይ ያስቀምጣል፣ ይልሳል፣ ጨው ይጨምራል፣ ወደሚቀጥለው ድስት ያልፋል። ቀኑን ሙሉ እንደዚያ ነው። ይህን እሱ መብላት ብሎት አያውቅም። አጠገቡ የቆመችው ምክትሉም አላለችውም። እኔም ስንቴ ኩሽናው ድረስ ሄጄ በዓይኔ ሳየው መብላት ነው ብዬ አስቤው አላውቅም። ሥራው ነዋ!

ሲነቃ የኦክስጅን ጭምብል አፉ ላይ ነበር። በሳንባው ጉዳት እንደማይተርፍ ነግረውኛል። በዓይኑ ጠራኝና ጭምብሉን ገለጥ አደረገ።

«እጢውን ቆርጠው አወጡት?»

«አላወጡትም።»

«ለምን?» ትንፋሹን እስኪያገኝ ጠበቅኩት። «እኔ ያጠፋሁት... ነገር አለ?»

ሐኪሙ ከግርጌው ቆሟል።

እኔ ለዚህ ሰው አንዲት ጥፋት አሳልፌለት አላውቅም። መብራት ሳያጠፋ ቢወጣ፣ እርጥብ ፎጣ አልጋ ላይ ቢጥል፣ ጎረቤት እስኪሰማ ነው የምጮህበት። ዓይኔን በጨው አጥቤ «አንተ ደግሞ ምን ታጠፋለህ?» አልኩት። «እነሱ ናቸው ማደንዘዣውን ያበዙብህ። ጥፋቱ የነሱ ነው።»

ቀና ብዬ ሐኪሙን ማየት አቃተኝ። እሱም ወደ አልጋው ጠጋ ብሎ «እውነቷን ነው። ይቅር በለን» አለው።

ሼፉ ስድብ ጀመረ፤ ለመጨረስ ትንፋሽ አልበቃውም። ከዚያ በኋላ ሐኪሙ በገባ ቁጥር ፊቱን ወደ ግድግዳው ያዞርበታል። ሐኪሙም ጀርባውን ያዳምጣል፣ ትራሱን ያስተካክልለታል፣ ይወጣል። አንድ ጊዜ ላመሰግነው ኮሪደሩ ድረስ ተከተልኩት፤ እጁን ያዝኩት። እሱም ትከሻዬን ነካ አድርጎኝ ሄደ።

ሼፉ ያን ሰው እንደጠላ ሞተ።